ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ማንበብ ግን እምቢ አለው፣ ከሚወራው ውስጥ የቱ ነው ሳይንስ የቱ ነው ወሬ?

የጀሞዋ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች እስኪ የምታውቁ ምከሩኝ። ወንዱ ልጄ 9 ዓመቱ ነው ሦስተኛ ክፍል ነው። አፉ እሳት ነው፣ ተረት አንዴ ከሰማ ሳያዛንፍ ይደግመዋል፣ ሱቅ ስልከው መልሱን አስልቶ ነው የሚመጣው፣ የቤቱ ሪሞት ሲበላሽ የሚፈታው እሱ ነው። ንባብ ሲባል ግን በቃ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው። ሀሁን ከላይ እስከ ታች በዜማ ይወጣዋል፣ መሀል ላይ ጣቴን አድርጌ ይሄ ማነው ስለው ግን ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ ነው የሚደርስበት። ለ እና ሰ ይምታቱበታል ሉ እና ሊማ አይነሳ። አንድን ቃል ላይኛው መስመር ላይ ለፍቶ ያነበዋል ታች ሲያገኘው እንደ አዲስ ነው። ታናሽ እህቱ አንደኛ ክፍል ናት እየበለጠችው ስለሆነ አሁን አሁን ደብተሩን ይደብቃል ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት አመጣ።

የሚባለው ደግሞ አያልቅም። አማቴ ግራኝ ስለሆነ ነው በግድ በቀኝ አስለምጂው ትላለች፣ ጎረቤቴ ዓይን በልቶታል ጸበል ውሰጂው አለችኝ፣ ባለቤቴ ሰነፍ ነው እኔም ልጅ ሆኜ እንደዛ ነበርኩ ሲያድግ ይተወዋል ይላል፣ የትምህርት ቤቱ ሚስ ደግሞ ሁለት ቋንቋ ስለሆነበት ነው አማርኛውን ተዉትና ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አናግሩት አለችኝ። አንድ ማዕከል ወስጄው ነበር እነሱ ቪዥዋል ለርነር ነው (በማየት ነው የሚማረው ማለት ነው) በቀኝ አንጎሉ ነው የሚያስበው የአንጎል ስፖርትና ባለቀለም መነጽር ያስፈልገዋል ብለው የጠየቁኝ ብር የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር አገኘሁ አንስታይንም ነበረበት ይላል። ማንን ልመን?

ወንዴ፦
ስልኩን ንጠቂው ከረሜላና ለስላሳውን አቁሚ ሌላ ምንም የለበትም። የዘንድሮ ልጅ ስኳር ነው የሚያቅበጠብጠው

ቲቸር ከጉለሌ፦
እህቴ ረጅም ነው ታገሺኝ። ስፔሻል ኒድ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት) ነው የተማርኩት፣ የማስተምረው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ልጁን ሳላየው ዲስሌክሲያ ነው አልልሽም፣ በኮመንት የሚመረምር ሰው ካጋጠመሽ ራቂው። የጻፍሽው ግን ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው።

ይሄ ነገር ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። በፈረንጆቹ 1896 ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፏል፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ሒሳብ አይቸግረውም፣ ንባብ ላይ ግን የለም። አስተማሪው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ቀዳሚ እሱ ይሆን ነበር ብሎ መስክሮለታል። የአንቺን ልጅ አይመስልም? ችግሩ ያኔ ሐኪሞቹ ነገሩን የዕይታ ጉዳይ አደረጉትና ልጆቹ ፊደሉን ገልብጠው ነው የሚያዩት የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። በ1970ዎቹ ቬሉቲኖ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ንባብ የሚቸግራቸውን ልጆች ጭራሽ የማያውቁትን የዕብራይስጥ ፊደል አሳይቶ ያያችሁትን ጻፉ አላቸው፣ ደህና ከሚያነቡት ልጆች እኩል ጻፉት። ችግሩ ማየት ላይ ቢሆን ኖሮ እዛም ይወድቁ ነበር።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ድምፅ ላይ ነው። ቃል በድምፆች የተሠራ መሆኑን ለይቶ መስማት፣ ያንን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ማጣበቅ፣ ከዛ ሳያስቡ በፍጥነት ማውጣት። ዛሬ ማታ እንደ ጨዋታ አድርገሽ ሞክሪው፣ ወረቀት ሳታሳዪው "ሰላም ከሚለው ላይ ሰን ብናነሳት ምን ይቀራል?" በዪው። ላም ብሎ ከሳቀ ጥሩ ነው። ቤት ከሚለው ጋር ቤት የሚመታ ቃል አምጣ በዪው፣ ሴት፣ ሌት። በዘጠኝ ዓመቱ እዚህ ላይ ከተደነቃቀፈ ፍንጭ ነው፣ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ስለ ሀሁ ዜማው ያልሽው ቁም ነገር ነው። ተርታውን ሸምድዶ ፊደሉን ሳያውቅ ብዙ ክፍል የሚሄድ ልጅ አለ እኛም አስተማሪዎቹ እንሸወዳለን። የኔታዎቹ ይሄን ያውቁት ነበር፣ ሀሁን ካስጨረሱ በኋላ አቡጊዳ ሲያስገቡ ተርታው ይቀየራልና ዜማውን ብቻ የያዘው ልጅ እዛ ላይ ይታወቃል።

ከዛ ደግሞ አማርኛ እንግሊዝኛ አይደለም። በ2001 የወጣ ጥናት ላይ ጣልያኖችን እንግሊዞችንና ፈረንሳዮችን አንጎላቸውን በስካን አይተዋቸዋል፣ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሁሉ ሲያነቡ በግራ በኩል ያው ቦታ ላይ ነው እንቅስቃሴው የሚያንሰው፣ ጣልያኖቹ ግን ሲያነቡ የተሻሉ ነበሩ ምክንያቱም የጣልያንኛ አጻጻፍ ከድምፁ ጋር ይገጥማል። የእኛም ፊደል ወደዛ ስለሚያደላ እኛ ጋ ልጁ ቃሉን ከመሳት ይልቅ መንቀራፈፉ ነው ጎልቶ የሚታየው። መንቀራፈፉ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ። መጥበቅና መላላት አይጻፍምና "ገና" የሚለው በዓሉ ይሁን ገና ያልደረሰው የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፣ አንዱን ቃል ሲታገል የፊተኛውን የረሳ ልጅ ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወሬዎቹን ላንሳ። ግራኝነቱ፣ ይሄን በ1920ዎቹ ኦርተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከአንጎል ሁለት ጎን ጋር አያይዞት ነበር፣ ከዛ ወዲህ ሲጠና ምክንያት ሆኖ አልተገኘም፣ በግድ ቀኝ ማስለመድ በጭንቀቱ ላይ ጭንቀት መጨመር ነው። ሁለት ቋንቋ ዲስሌክሲያ አያመጣም፣ ሚሷን በትህትና እምቢ በያት፣ የሚችለውን ቋንቋ ቀምተሽው በማይችለው ብታናግሪው ተረት የሚደግምበትን አፉን ነው የምትወስጂበት። ቪዥዋል ለርነር የሚሉትን በ2008 አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያለውን ጥናት ሁሉ ገምግመው ልጅን በስታይሉ ማስተማር ውጤት ያመጣል ለሚለው በቂ ማስረጃ አላገኙም። ቀኝ አንጎል ግራ አንጎል ብሎ ሰው መከፋፈልማ ዝም ብሎ ለሽያጭ ነው።

ባልሽ እኔም እንደዛ ነበርኩ ያለውን ግን አትለፊው። ይሄ በቤተሰብ ይሄዳል፣ ወላጅ ላይ ካለ ልጁ ላይ የመታየት ዕድሉ ከሌላ ልጅ በብዙ ይበልጣል። ሲያድግ ይተወዋል ያለው ነው የተሳሳተው፣ አይተወውም፣ በደንብ ከተማረ ግን ያነባል።

ወንዴ የስኳሩን ነገር በ1995 ጥናቶቹን አንድ ላይ ሰብስበው ገምግመውታል፣ ስኳር የልጆችን ፀባይም ትኩረትም አይለውጥም ነው ውጤቱ። ለጥርሱ ብለህ ከልክለው።

የማርያም ወዳጅ፦
ቲቸር ሁሉን በሳይንስ ስትተረትር እምነትን ግን ሸወድ አድርገህ አለፍክ። ስንቱ ልጅ ነው ጸበል ተጠምቆ አእምሮው የተከፈተለት። የእኛ አባቶች ሳያውቁ ነው እንዴ ለትምህርት የሚገልጥ ጸሎት የሚያደርሱት? ዓይነ ጥላም አለ ዓይን የሚበላም አለ ፈረንጅ ስላላወቀው የለም አይባልም። እህቴ ውሰጂው።

ቲቸር ከጉለሌ፦
አላለፍኩትም፣ እኔም የምሳለመው ደጅ አለኝ። ይጠመቅ። እኔ የምፈራው ልጁ ቡዳ በልቶታል ሲባል መስማቱንና ሰባት ቀን ሱባኤ ተብሎ አንድ ዓመት ከፊደል መራቁን ነው። ጠዋት ተጠምቆ ከሰዓት ፊደል የሚቆጥር ልጅ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። ክፍሌ ውስጥ ግን የተረገመ ነው ተብሎ እስኪያምን የተነገረው ልጅ አለ፣ እሱን ማስተማር ከዲስሌክሲያው በላይ ነው ያስቸገረኝ።

የማርያም ወዳጅ፦
እሱስ ልክ ነህ ልጅ ፊት እንደዛ አይባልም

መነጽር ሠሪው፦
ዓይን ክሊኒክ ነው የምሠራው ስለ መነጽሩ ልበል። አንደኛ ዓይኑን የግድ አስመርምሪው፣ ሰሌዳ የማያይ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ ስንቱን አይቻለሁ፣ ባለ ነጭ መስታወት ተራ መነጽር ስናደርግለት እናቱ ታለቅሳለች። ጆሮውንም አትርሺ፣ ጆሮው እየመገለ ያደገ ልጅ ድምፅ ሊያመልጠው ይችላል። ይሄ ሁሉ ተጣርቶ ደህና ከሆነና አሁንም ካላነበበ ግን መነጽር አያስነብበውም ቀለሙ ሰማያዊም ይሁን ሮዝ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በፈረንጆቹ 2009 በጋራ መግለጫ አውጥተውበታል፣ ባለቀለም መነጽርም የዓይን ስፖርትም ዲስሌክሲያን ስለማከማቸው ማስረጃ የለም ብለው። ያንን ብር አስጠኚ ቅጠሪበት። መነጽር እየሸጥኩ አትግዢ ስልሽ እመኚኝ 😄

ቤቲ ቦሌ፦
እኔ ግን የምለው ለምን እንደ በሽታ ታዩታላችሁ? ዲስሌክሲያ ስጦታ ነው! አንስታይን፣ ዳቪንቺ፣ ሁሉም ዲስሌክሲክ ነበሩ። እነዚህ ልጆች በምስል ነው የሚያስቡት ከእኛ የተለየ አንጎል ነው ያላቸው። ማንበብ ላይ አታስጨንቂው ተሰጥኦው ላይ አተኩሪ

ዘግይቶ አንባቢ፦
ቤቲ ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ ግን ይሄን ስጦታ ነው የሚሉትን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔ አለብኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ ጋራዥ አለኝ። ሞተር በድምፁ አውቃለሁ እሱ ግን ከአባቴ ጋር ጋራዥ ስላደግኩ ነው፣ ዲስሌክሲያው የሰጠኝ ነገር የለም። የሰጠኝ ቢኖር ክፍል ውስጥ ተነስተህ አንብብ ሲባል ሽንት ቤት መጠየቅ ነው። ፎርም ሙላ ስባል እጄን ጠቅልዬ እጄ ቆስሏል የምልበት ዘመን ነበር። አንስታይንን ማንም መርምሮት አያውቅም፣ እንዲያውም ልጅ ሆኖ ከዕድሜው በላይ የሆኑ የፍልስፍናና የሳይንስ መጻሕፍት ያነብ ነበር፣ ዳቪንቺ ከሞተ ደግሞ 500 ዓመት አልፎታል ማን ፈተነው? ዲስሌክሲያ ካለባቸው መሀል ሊቅም አለ መካከለኛም አለ ልክ እንደሌላው ሰው። ልጁ ሊቅ ካልሆነስ? ማንበብ አያስፈልገውም?

እኔ ማንበብ ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት፣ ከፊደል ጀምራ፣ ለልጃችን በገዛነው መጽሐፍ። ዛሬም ቀርፋፋ ነኝ ውል ሲመጣ ግን ማንንም አልለምንም። አንባቢ ሚስት ላላገባውስ ምን ልትዪው ነው ቤቲ?

ቤቲ ቦሌ፦
እሺ ይቅርታ። እንደዛ አስቤው አላውቅም

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ውጭ ያላችሁ ብታነቡት ብዬ ነው። ሴት ልጄ ሁለተኛ ክፍል ስትሆን ማንበብ ሲያቅታት ትምህርት ቤቱ ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው እንግሊዝኛዋ እስኪጠነክር እንጠብቅ አለኝ፣ ጠብቂ ጠብቂ። በኋላ አንዲት ሐበሻ ናት ሕጉን የነገረችኝ። በፈረንጆቹ ከ1975 ጀምሮ ሕግ አለ፣ ልጅሽ ይመርመርልኝ ብለሽ በጽሑፍ መጠየቅ ትችያለሽ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀን ያለበት። ምርመራው በነፃ ነው፣ ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ፈተናው የሚቻል እስከሆነ ድረስ ልጁ በሚችለው ቋንቋ መሆን አለበት። የእንግሊዝኛ ችሎታው ደካማ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ለርኒንግ ዲስኤቢሊቲ (የመማር እክል) አለበት ማለት ክልክል ነው። ማለትም በሁለቱም በኩል ነው የሚሳሳቱት፣ ያለበትን ልጅ ቋንቋ ነው ብለው ያስጠብቁታል የሌለበትን ደግሞ ስፔሻል ኢድ ይከቱታል። ዘዴው እህት ወይ ወንድም ቤተሰብ ውስጥ ካለ ማወዳደር ነው፣ የእኔ ትልቁ እዛው ቤት ያንኑ አማርኛ እያወራ ነው ያደገው ደህና ያነባል። ይሄን ስላቸው ነው ፊታቸው የተቀየረው። አንቺም ታናሽ እህቱን ጠቅሰሻል እኮ።

ደግሞ ስማችንን ያጠፋብናል ልጄ ላይ ይለጠፍባታል ብላችሁ የምትፈሩ፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ስም ካወጡላት ቆይተዋል፣ የእነሱ ነው የባሰው።

የጀሞዋ እናት፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጣችሁ ተራ በተራ ነው ያነበብኩት። ቲቸር ማታውኑ የሰላሙን ጨዋታ ሞከርኩት። "ሰን ብናነሳት" ስለው "ሰላ" አለኝ፣ ደግሜ ብለው "ም" አለኝ፣ እህቱ ከጓዳ ላም! ብላ ጮኸች። ባለቤቴንም የሞርጋንን ልጅ ታሪክ ነገርኩት ዝም አለ። የትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ ለምን ሁሌ አንቺው አንብቢልኝ እንደሚለኝ አሁን ነው የገባኝ። እሺ መነጽሩን ተውኩት፣ ግን ምን ላድርግ? እዚህ የት ነው የሚመረመረው? ቤትስ በምን ልጀምር?

ቲቸር ከጉለሌ፦
ምርመራው ላይ እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ የአማርኛ የዲስሌክሲያ ፈተና የለም። በእንግሊዝኛ የተሠራ ፈተና ሰጥተውሽ ይሄ ነው ካሉሽ ጠርጥሪ፣ የለኩት እንግሊዝኛውን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት (ልዩ ድጋፍ የሚፈልገው ልጅ ከሌሎቹ ጋር የሚማርበት) ሪሶርስ ሴንተር አላቸው፣ በወረዳሽ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፣ ስፔሻል ኒድ የተማረ መምህር ካለ የማንበቡን ሁኔታ ቁጭ ብሎ ያይልሻል። ያንን ስትጠብቂ ግን ትምህርቱ አይቁም፣ ስም ወጣለትም አልወጣለትም የሚሰጠው ነገር ያው ነው፣ ንባብን በግልጽ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከድምፅ ጀምሮ ማስተማር። በጥናት ውጤቱ የታየለት እሱ ነው። የአንጎል ስፖርት ያደረገ ልጅ ስፖርቱን ይለምዳል እንጂ አያነብም።

ለምሳሌ ለ እና ሰን አንድ ላይ አታሳዪው። ለን ብቻ፣ በደንብ እስኪገባው፣ ለውዝ፣ ቀለም፣ ለምለም ውስጥ እየፈለገ። ሰ ከሳምንት በኋላ ይምጣ። ሉ እና ሊን ደግሞ እንዲሸመድድ ሳይሆን ሕጉን አሳዪው፣ ካዕቧ ወገቧ ላይ ነው ምልክቷ ሣልሷ እግሯ ላይ፣ ሉ ሊ፣ ቡ ቢ፣ ሙ ሚ። ሕጉን ማንም አልነገረውም ይሆናል፣ ስንቱ ልጅ ነው ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አንድ በአንድ እንደ ሥዕል የሚሸመድደው። እንደ ረና ፈ ያሉት አመለኞች ወደ ኋላ ይቆዩ። ካርድ ቆርጠሽ በውዝው፣ ተርታ የለም ዜማ የለም። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል በየቀኑ ከሆነ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ማስጨነቅ አይጠቅምም። አጭር ጽሑፍ መርጠሽ መጀመሪያ አንቺ አንብቢለት፣ ከዛ አብራችሁ፣ ከዛ ብቻውን፣ ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ፣ ፍጥነቱ የሚመጣው እንደዛ ነው። እህቱ ፊት አታስነብቢው። ቃል ስታስጽፊው ፀሐይን በጸ ጻፈ በፀ ጻፈ አትቆጪው፣ ሀ ሐ ኀ ላይማ እኛም እንጣላለን።

ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ለምኚ፣ የሳይንስና የኅብረተሰብ ፈተና ላይ ጥያቄውን ሰው ያንብብለት መልሱን በቃል ይመልስ። የሚያውቀውን ነው መለካት ያለባቸው። እምቢ ካሉሽ ርዕሰ መምህሩን አካቶ ትምህርት መመሪያው ይሄን አይልም ወይ በይው፣ ብዙዎቹ መመሪያው መኖሩን ሲያስታውሷቸው ይለሰልሳሉ።

ደግሞ ለሁላችሁም፣ ያላነበበ ልጅ ሁሉ ዲስሌክሲክ ነው እንዳትሉ። በፈረንጆቹ 2010 አገራችን ላይ በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛው ገደማ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። አንድ ሦስተኛው ሕፃን ዲስሌክሲያ ሊኖርበት አይችልም። ያ የተጨናነቀ ክፍል ነው፣ መጽሐፍ ማጣት ነው፣ ርሃብም አለበት፣ የእኛም አስተማሪነት አለበት።

ዘግይቶ አንባቢ፦
የጀሞዋ፣ ባልሽን ጋራዥ ላኪልኝ፣ መኪና ባይኖረውም።

ሰናይት መ.፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ የእኔ ልጅ ንባቧ ጥሩ ነው ግን አምስተኛ ክፍል ደርሳ 8 ሲደመር 5 በጣት ነው፣ ሰዓት ማንበብም አልቻለችም። ይሄም ዲስሌክሲያ ነው?

ቲቸር ከጉለሌ፦
እሱ የቁጥሩ ነው፣ ዲስካልኩሊያ ይሉታል፣ አንዳንድ ልጅ ላይ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ የአንቺዋ ግን ንባቧ ደህና ከሆነ ለብቻው ሊሆን ይችላል። በጣቷ መቁጠሯን አትከልክያት። ሌላ ፖስት ክፈቺና ብር ስትቀበልና ስትመልስ እንዴት እንደምታደርግ፣ ሁለት ቁጥር ሰጥተሻት የቱ ይበልጣል ስትያት ምን ያህል እንደምታስብ ጻፊልኝ፣ ማታ እመጣለሁ።